መጣ ወይስ አልመጣም፦ አንቴና ያቀናሁባቸው ዓመታት

መሰላሉን ጎረቤት ቤት ደብቄው ነበር። ነገሩን ከዚያ ልጀምር፤ ሥራ የተውሽው መቼ ነው ብባል የማስታውሰው ያንን ቀን ነው። ጉልበቴ እንቢ ካለኝ ወራት አልፈው ነበር። ልጄ ሐያት ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ተምራ ወጥታ፣ «እማ፣ ከእንግዲህ ጣሪያው የኔ ነው» ስትለኝ፣ እሺም እንቢም ሳልል መሰላሉን በአጥር አሻግሬ የጎረቤታችን የፍየል ጋጣ ውስጥ አስተኛሁት። በማግስቱ ግቢውን ዞራ ዞራ «መሰላሉ የት ሄደ?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ!»

ፍየሏ ግን መሰላሉ ላይ ቆማ ትጮህ ነበር።

ጦይባ እባላለሁ። ቆቦ ገብታችሁ «የአንቴናዋ ጦይባ» ካላችሁ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ያደርሳችኋል። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ይህንንም የምጽፈው ሐያት በተረፈ ደብተሯ ላይ ነው፤ ፊደል የሳትኩበትን እሷ ታቀናለች፣ ነገሩን ግን እንዳትነካ አስምያታለሁ።

ፈሪ ነኝ። ከፍታ እፈራለሁ፣ ነፋስ እፈራለሁ፣ የመብራት ሽቦ እፈራለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ያህል ጣሪያ ለጣሪያ የኖረች ሴት ፈሪ ነኝ ስትል የሚያምን የለም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ሥራውን የጀመርኩትም ጣሪያ ላይ አይደለም፣ ከታች፣ ከቤት ውስጥ ነው።

የሐያት አባት በወባ ሲሞት ልጅቱ ገና ጡት አልጣለችም። እኔ ከገበያው ዳር ሽንኩርትና በርበሬ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ያለችው ጠባብ ሱቅ የጋሽ ይማም ነበረች። ጋሽ ይማም ሬዲዮ ይጠግናሉ፣ አንቴና ይተክላሉ። በዚያን ጊዜ ዲሽ የባለጸጋ ነው፤ ሌላው ቴሌቪዥን ያለው ሁሉ ከጣሪያው በላይ ቧንቧ አቁሞ፣ እንደ ዓሣ አጥንት የተደረደሩ የአሉሚኒየም ጣቶች ያሉትን አንቴና ይሰቅላል። እሱን ማቅናት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ላይ ሆኖ ያዞራል፣ አንዱ ውስጥ ሆኖ ቴሌቪዥኑን እያየ ምስሉ መምጣት አለመምጣቱን እየተጣራ ይናገራል።

የጋሽ ይማም ችግር ታዲያ ከቤት ውስጥ ሆኖ የሚጣራው ሰው ነበር። ባል እርሻ ወይም ገበያ ውሎ ቤት ያለችው ሚስት ናት፤ ባል በሌለበት ባዕድ ወንድ ገብቶ አይቀመጥም። ሚስቲቱ ራሷ ትጣራ ሲባል ደግሞ፣ አዲስ ሙሽራ ከሆነች ድምፅ ማሰማቱ ነውር ይሆንባታል። ከመጋረጃ ኋላ «መጣ» የምትለው ለራሷም አይሰማትም። ጋሽ ይማም ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲፈጃቸው ይውላሉ።

አንድ ቀን በርበሬዬን የረገጠ አህያ ነጂ ስሳደብ ሰሙኝና ከሱቃቸው ብቅ አሉ።

«አንቺ ጦይባ፣ ይኼ ድምፅሽ ዋጃ ድረስ ይሰማል። በከንቱ ከሚባክን ለምን አትከተይኝም?»

«የት ነው የምከተለዎት?»

«ሰው ቤት። ቁጭ ብለሽ ቴሌቪዥን ታያለሽ።»

ቴሌቪዥን ማየት ሥራ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ክፍያው እንደየቤቱ ነበር፤ ገንዘብ የሚሰጥም አለ፣ ማሽላ የሚሰፍርም አለ። ተከተልኳቸው።

የመጀመሪያው ትምህርት አፍ ማረም ነበር። ከቤት ውስጥ የሚባለው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «መጣ» እና «አልመጣም»። «ደህና ነው»፣ «ይሆናል»፣ «ትንሽ ይሻላል» ክልክል ነው። «ወሎዬ ቤቱ እየተቃጠለ እንኳን እንዴት ነህ ቢሉት ደህና ነው፣ አልሃምዱሊላህ ይላል» ይሉኝ ነበር። «በደህና ነው አንቴና አይቀናም።» እውነታቸውን ነው። የኛ ሰው ያዝናል። ጣሪያ ላይ ፀሐይ የሚጠብሰው ሰው አንጀቱን ይበላውና፣ ቴሌቪዥኑ አሸዋ ብቻ እያሳየ «መጣ፣ መጣ፣ ይውረዱ» ይላል። አሸዋ የምንለው ያንን ነጭና ጥቁር ሆኖ እሽሽ እያለ የሚንቀለቀለውን ነው። ስንት ቤት በይሉኝታ አሸዋ ሲያይ ኖሯል መሰላችሁ!

ጋሽ ይማም ሲሠሩ ጥድፊያ አያውቁም። መጀመሪያ ቤቱን አንድ ጊዜ በእግራቸው ይዞሩታል። ያን ጊዜ የሚያዩት ጣሪያውን ሳይሆን የመብራት ሽቦውን ነው፤ ቧንቧው ቢወድቅ ሽቦውን ይነካል አይነካም፣ በእርምጃ ይለኩታል። ከነካ አንቴናው እዚያ አይተከልም፣ ባለቤቱ ቢቆጣም አይተከልም። ቀጥለው፣ «ማነው የሚያየው? የት ነው የሚቀመጠው?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ አንቴና ይመርጣሉ። ሰው ትልቁን ይወዳል፤ ጎረቤቱ ስድስት ጣት ከሰቀለ እሱ አሥራ ሁለት ይሰቅላል። እሳቸው ግን፣ «ጣቱ የበዛ ሩቅ ያያል፣ ግን ጠባብ ያያል። በበር ቀዳዳ እንደማየት ነው፤ ትንሽ ከዞረ ምንም የለም» ይላሉ። የኛ ቆላ ነፋስ ደግሞ አላህ ያውቀዋል። ማሰራጫው ካለበት ተራራ ፊት ለፊት ለሆነ ቤት አጭሩን፣ ለሩቁ ቤት ረጅሙን፣ ለረጅሙም ቧንቧውን በሦስት በኩል በሽቦ ወጥረው ነው የሚሰቅሉት። አጭሮቹ ጣቶች ወደ ማሰራጫው፣ ረጅሙ ወደ ኋላ ይሆናል። ገልብጦ ሰቅሎ መንግሥትን የሚረግም ስንቱን አየን።

ማሰራጫው በምዕራብ በኩል ከተራራው አናት ላይ ነበር። በምሥራቅ ደግሞ የዞብል ተራራ አለ። ዞብል ግድግዳ ነው፤ ከምዕራብ የመጣውን ተቀብሎ መልሶ ይወረውረዋል። አንቴናውን ወደ ዞብል ብታዞሩት የሚመጣ ነገር አለ። አንድ ዜና አንባቢ ሁለት ሆኖ ይታያል፣ አንዱ ከሌላው ኋላ እንደ ጥላ ይቆማል። ነፋስ ሲመጣ ሁለቱም ወደ አሸዋ ይለወጣሉ። «ዞብልን አትመኚው» ይሉኝ ነበር፤ «የራሱ የለውም፣ የሰው ነው የሚያወራው።»

ሲጨርሱ ቧንቧውና ማሰሪያው ላይ አንድ ቀይ መስመር በቀለም ያሰምራሉ። ነፋስ ካዞረው መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፣ ባለቤቱ ራሱ ወጥቶ መስመሩን ሲያገናኘው ቀና ማለት ነው። ከዚያ ወርደው፣ አስፈቅደው ይገቡና፣ ያ የሚያየው ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። የሚታየው ዝግጅት አልቆ ሌላው እስኪጀምር አይነሱም። እኔ ውስጥ ሆኜ መጣ ብያለሁ፤ የባለቤቱ ሚስት ብላለች፤ ልጆቹ ሁሉ ብለዋል። እሳቸው ግን ካልተቀመጡ አልመጣም። በልቤ ለማረፍ ሰበብ ይመስለኝ ነበር።

ዓመታት አለፉና ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። አንድ ጠዋት ከአንድ ቤት ደጅ ቆመው፣ የመሰላሉን ደረጃ በእግራቸው እየፈለጉ አጡት። መለስ ብለው እኔን አዩኝ።

«ወላሂ አልወጣም» አልኩ፣ ሳይጠይቁኝ።

«አብሽሪ። ቆርቆሮው ሳይግል አሁኑኑ ነው። ምስማሩን እያየሽ ርገጪ፤ ምስማር ካለበት ሥር ማገር አለ። ከምስማር ምስማር። ሌላ ምንም አትዪ።»

ከምስማር ምስማር ወጣሁ። ክዳኑን በሁለት እጄ ይዣለሁ። ታች ሐያት፣ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው፣ የጋሽ ይማምን ጋቢ ይዛ ቀና ብላ ታየኛለች። አታለቅስም፣ አፏን ከፍታ ታየኛለች እንጂ። ለጥገና የሚወርደውን አንቴና አቅፌ ስወርድ ጋሽ ይማም፣ «እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«እፈራለሁ።»

«ፍሪ። የሚፈራ በሁለት እጁ ይይዛል» አሉ። ስለ ፍርሃት ደግመው አላነሱብኝም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ይህን ሳልጽፍ ሌላውን ብጽፍ ደብተር ማበላሸት ነው።

ሮቢት በምትባለው ጎረቤት ከተማ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት አሉ። ባል የላቸውም፣ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ እሱን ከአስፋልቱ ዳር ቆሎና ሎሚ እየሸጡ አስተማሩት። ልጁ ከሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ሊመረቅ ሆነ። መሄዱን አልቻሉም። ምርቃቱ በቴሌቪዥን ይታያል ሲባል ግን ከዘመድ አሮጌ ቴሌቪዥን ተዋሱ፣ አንቴና ገዙ፣ ወደ እኔ ላኩ። ጋሽ ይማም ታመው ተኝተው ነበርና ብቻዬን ሄድኩ። በማግስቱ ምርቃት ነው።

የሮቢት ነፋስ የዚያን ቀን አቧራውን ከእርሻው አንስቶ ሰማይ ያደርሰዋል። ወጣሁ። ከጋሽ ይማም ጋር ስሠራ ከታች ድምፃቸው ነበር፣ አሁን የለም። ቧንቧውን በአንድ እጄ፣ የጣሪያውን ክዳን በሌላው ይዤ ማዞር ጀመርኩ። ማሰራጫው ከኋላዬ ነው። ወደዚያ ለማዞር የጣሪያውን አናት ተሻግሬ መቆም አለብኝ፤ እግሬ እንቢ አለ። ስለዚህ እጄ ወደሚደርስበት አዞርኩት። ወደ ዞብል።

«መጣ?» አልኩ።

ከውስጥ የሚጣሩት ራሳቸው እትዬ ብርቄ ናቸው። በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው አዩኝ፣ እግሬን አዩ። ተመልሰው ገቡና፣

«መጣ! መጣ፣ ውረጂ የኔ እናት!» አሉ።

«ጥርት ብሎ?»

«ጥርት ብሎ! ሰውየው አፍንጫው ላይ ያለው ላብ ይታያል! ኧረ በእመቤቴ ውረጂ!»

አሰርኩት፣ ወረድኩ። በቀዩ ቀለም እንኳን አሰመርኩበት። በሩ ላይ ውሃ ይዘው ጠበቁኝ። አስፋልቱ ላይ የቆቦ ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋል። «ገብተሽ አታርፊም?» እንኳን አላሉኝም፣ በሩ ላይ ቆመዋል። እኔም ውሃውን ጠጥቼ፣ ልጅዎን ያሳድግልዎ ብዬ፣ ሮጥኩ። አልገባሁም። መሬት መርገጤ ብቻ ነበር የታሰበኝ።

ከወር በኋላ ለሌላ ሥራ ሮቢት ስሄድ ቤታቸው ጎራ አልኩ። ሰላም ለማለት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ምስጋናም ፈልጌ ነበር። እትዬ ብርቄ የሉም፣ በሩ ክፍት ነው። የጎረቤት ሕፃናት ቴሌቪዥኑን ከፍተው ተደርድረው ተቀምጠዋል። አሸዋ ነው የሚያዩት። አንዱ «አሁን ሰው ያልፋል፣ ጠብቂ» አለኝ። እውነትም አንዳንዴ የሰው ጥላ የሚመስል ነገር ያልፋል።

እትዬ ብርቄ ከኋላዬ መጡ። አሸዋውን ማየቴን ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

«ተይው ልጄ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እትዬ?»

«ከመጀመሪያው። እግርሽ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ልጄ በቴሌቪዥን ባይታየኝ፣ ከርሞም ቢሆን በእግሩ ቤቴ ይመጣል። አንቺ ብትወድቂ ያቺን ልጅሽን ማን ያሳድግልሻል?»

«ምርቃቱንስ?»

«ተቀምጬ አየሁ። ማለቴ ተቀመጥኩ። ስሙን ሲጠሩ እንኳን እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ እሽሽ ነው የሚለው። ልጄ ደውሎ አየሽኝ ወይ እማዬ ሲለኝ፣ አየሁህ፣ ሸበላ ሆነሃል አልኩት። አንቺም እንዳትነግሪው።»

ወዲያውኑ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። የጣሪያውን አናት ተሻግሬ ቆምኩ። ያን ጊዜ ለምን መቆም እንዳቃተኝ ዛሬም አላውቅም፤ ማገሩ ነበር፣ ምስማሩ ነበር። ወደ ምዕራብ አዞርኩት፣ ወረድኩ፣ ገብቼ ከሕፃናቱ ጋር ተቀመጥኩ። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ስለ ንብ ማነብ ነበር የሚያወሩት። እስኪያልቅ አየሁት።

ለጋሽ ይማም ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ተኝተው፣ ጨርቅ ዓይናቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

«እሷ ስላዘነችልሽ ጥፋት የለባትም» አሉ። «መፍራትሽም ጥፋት አይደለም። የፈራ ሰው ጆሮው የሚሰማው ደስ የሚለውን ነው፤ እኔስ ወርጄ ለምንድን ነው ገብቼ የምቀመጠው? ለማረፍ መስሎሽ ነበር?»

«አዎ።»

ሳቁ። «እኔም እፈራ ነበር፣ አንቺ ጦይባ። መጣ ሲሉኝ ደስ ስለሚለኝ ራሴን አላምነውም።»

ከዚያ ወዲያ ሳልገባ የሄድኩበት ቤት የለም። ጋሽ ይማም አላህ ይርሀማቸው፣ በዓመቱ አረፉ። ዲሹ በየቤቱ ገባ፤ የአንቴናው ቧንቧ ለአንዱ የልብስ ማድረቂያ፣ ለሌላው የበሬ ማሰሪያ ሆነ። እኔም ዲሽ መትከል ያዝኩ፣ ተራራ ማየት ትቼ ሰማይ ማየት ተማርኩ። መብራት ለወራት የጠፋበት ዘመንም መጣ፤ ያኔ ማንም አልጠራኝም፣ ጣሪያውም አረፈ፣ እኔም ሽንኩርቴን ዘረጋሁ። መብራቱ ሲመለስ ሥራው ተመለሰ፣ ጉልበቴ ግን አብሮ አልተመለሰም።

ስለዚህ ወደ መሰላሉና ወደ ፍየሏ ልመለስ።

ሐያት መሰላሉን ከጋጣው አውጥታ፣ ግቢያችን መሐል አቁማ፣ ፊት ለፊቴ መጣች። ከእትዬ ብርቄ ተደውሎ ነበር። አሁን አርጅተዋል፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልቻሉም፣ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ነው የሚከታተሉት። ግቢያቸው ውስጥ ያለውን ዲሽ የማንጎ ዛፍ አድጎ ጋርዶታል። ዛፉን ልጃቸው ስለተከለው አይቆረጥም ብለዋል። ዲሹ ጣሪያ መውጣት አለበት።

«ሌላ ሰው ይፈልጉ» አልኳት።

«እማ፣ ጦይባን ነው የጠሩት።»

«ብትወድቂስ?»

«አንቺ ስትወጪ እኔ ታች ቆሜ ነበር፣ በሰባት ዓመቴ። ብትወድቂስ ብዬ የጠየቅኩሽ ጊዜ አለ? ማን ያስጠይቀኛል!»

የመሰላሉን አንድ ጫፍ አነሳሁ። አብረን ሄድን።

እትዬ ብርቄ አልጋቸው ጫፍ ላይ ናቸው፣ እኔ ከጎናቸው በርጩማ ላይ፣ ፊታችን ቴሌቪዥኑ። ዲሽ ሲቀና ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ይታያል። የላይኛው ዲሹ ባዶ ሰማይም ቢያይ ይሞላል፤ አታላይ ነው። ቁም ነገሩ የታችኛው ነው። የታችኛው ግማሽ ከደረሰ ምስል ይመጣል፤ ግን በግማሽ የመጣ ምስል ደመና ሲመጣ ይቆራረጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል። ሐያት ከላይ ናት። ነፋሱ እንደ ድሮው ነው። በመስኮቱ የሚታየኝ የጣሪያው ጠርዝና የእግሯ ጣቶች ናቸው። ከምስማር ምስማር ትረግጣለች፤ እኔ ሳልነግራት ማን ነገራት?

«እማ፣ መጣ?»

«አልመጣም!»

ዲሹን ነካ አደረገችው። አንድ ጊዜ ነፋሱ ልብሷን ሲመታው እግሯ ከጠርዙ ጠፋ፣ ደግሞ ተመለሰ። በዚያው ቅጽበት ምስሉ ብቅ አለ። ካህኑ፣ ጽናጽሉ፣ ጥላው፣ ሁሉም አለ። የታችኛው መስመር ግን ግማሽ ላይ ቆሟል።

«መጣ!» አሉ እትዬ ብርቄ ቀስ ብለው፣ ክንዴን ይዘው። «ይኸው እኮ መጣ። በዪያት፣ ትውረድ ልጂቱ። ለኔ ይበቃኛል።»

ውሸት አይሆንም ነበር። ምስሉ አለ። እስከ ክረምቱ ማንም አይጠይቀኝም፤ ልጄም በሁለት ደቂቃ መሬት ትረግጣለች። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። የእትዬ ብርቄን እጅ ከክንዴ ላይ አነሳሁ።

«አልመጣም!» አልኩ። ድምፄ ዋጃ ይድረስ አይድረስ አላውቅም።

«አሁንም?»

«አሁንም! ወደ ዞብል፣ የጣት ያህል!»

የእግሯ ጣቶች ከጠርዙ ጠፉ፤ የጣሪያውን አናት ተሻግራ መቆሟ ነው። ቴሌቪዥኑን እንጂ መስኮቱን እንዳላይ ራሴን ያዝኩ። መስመሩ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፣ ሞላ፣ ቆመ። ካህኑ ፊት ላይ ያለው ጢም አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«መጣ!»

«ወላሂ በዪ!»

«ወላሂ መጣ!»

የዲሹ ብሎን ሲጠብቅ ሰማሁ፣ ከዚያ የመሰላሉን ደረጃ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ሰባቱንም በጆሮዬ ቆጠርኩ። በሩ ላይ ስትታይ እትዬ ብርቄ እልል ሊሉ ነው። ሐያት ግን በእጇ «ቆይ» አለቻቸውና፣ «እማ፣ እስቲ ተነሺልኝ» ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

ቅዳሴው እስኪያልቅ አልተነሳችም። የእናቷን መሐላ ሰምታ አላመነችም፤ እኔም ባለማመኗ ደስ ብሎኝ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።

ለእትዬ ብርቄ ይህን ሁሉ እንደምጽፍ ነግሬያቸዋለሁ። የምርቃቱን ነገር ለልጃቸው ራሳቸው ከነገሩት ቆይተዋል፤ «ጻፊው» አሉኝ። መሰላሉ አሁን ከሐያት አልጋ ራስጌ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጠዋት ጠዋት ይዛው ስትወጣ አሁንም እፈራለሁ።